ስጎነብስ የሚመለስ ትንፋሽ

መጀመሪያ የታየችኝ አንገቴ ላይ የወጣች እብጠት ናት። የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ወልቂጤ ላይ ጨርቅ እሸጥ ነበር። እብጠቷ ስለማታመኝ ናቅኳት። ቀጥሎ ደረቅ ሳል መጣ፤ ከዚያ አቡጀዲ ለመለካት ክንዴን ስዘረጋ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። የክሊኒኩ ድሬሰር ደረቴን አዳምጦ ፊቱ ተለወጠ። «አዲስ አበባ ሂድ። ዛሬውኑ» አለኝ።

አልሄድኩም። መስቀል ሊደርስ ነበር። በመስቀል አገሩ ያልገባ ሰው እኛ ጉራጌዎች ዘንድ ከሞተ አይሻልም፤ ሳልሞት ልለቀስ እንዴ ብዬ ጉንችሬ አጠገብ ወዳለው የአባቴ ቤት ወጣሁ። እልኸኛ ነኝ፤ እልኼ ከበሽታው ቀድሞ ሊገድለኝ ነበር።

ባለቤቴን ዘነበችን የብርድ ሳል ነው ብዬ ሸነገልኳት። አንድ ጠዋት ግን ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ልብህ ርቋል» አለችኝ። «ጎረቤት ቤት የሚመታ ነው የሚመስለው።»

ልስቅባት ፈለግሁ። ሳቄ አልወጣም።

በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ። የአንገቴ ደም ሥር ተገተረ። በበዓሉ ቀን እንደ ወጉ አጎቴ ብርጋ ፊት ለምርቃት ተንበረከክሁ። ግንባሬን ጉልበታቸው ላይ ደፋሁ። እጃቸውን ጫኑብኝ።

ትንፋሼ ተመለሰ።

«ዳንኩ» አልኩ። ቤቱ ሙሉ «አሜን» አለ። ቀና አልኩ። ጠፋ። ጎነበስኩ። ተመለሰ። ደረቴ ውስጥ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሌላ ሰው ያለ መሰለኝ። ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ምርቃቱ እንዳይለቀኝ ብዬ ሦስት ቀን ጎንበስ ብዬ ዋልኩ። ዘመዶቼ አክብሮት መስሏቸው ደስ አላቸው። ከዚያ እግሬ አበጠ። ከንፈሬ ጠቆረ። ዘነበች እንደገና አዳመጠችኝ።

«አይሰማም» አለች። ወደ አጎቴ ዞረች። «አብዬ፣ እርስዎ መርቀዋል። አሁን ደግሞ ሐኪም ይየው።»

አጎቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በቃሬዛ እንዲያወጡኝ አዘዙ።

አዲስ አበባ፣ ራጁ ላይ ልቤ እንስራ አክሎ ታየ። ሐኪሙ አላባበለኝም። «የልብህ ከረጢት፣ ፔሪካርዲየም የሚባለው፣ ፈሳሽ ሞልቶበታል። ልብህ መምቻ ቦታ አጥቷል። ስትጎነብስ ትንሽ ይቀልልሃል እንጂ አልዳንክም።»

መርፌው ከደረቴ አጥንት ሥር ገባ። የወጣው ፈሳሽ ደም የመሰለ ነበር። ወዲያው ቀና ብዬ ተነፈስኩ። ያን ቀን አለቀስኩ።

ከአንገቴ ዕጢ ተቆርጦ ሲመረመር ሊምፎማ፣ የዕጢ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ወራት በመርፌና ፕሬድኒሶሎን በሚባል ክኒን አለፉ፤ ጠጉሬ ረግፎ እንደገና በቀለ፣ ፈሳሹም አንድ ጊዜ ተመልሶ ተቀዳልኝ፣ እኔም ቀስ በቀስ ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ ግቢው በር መራመድን እንደ ሕፃን ተማርኩ። ለዚያ ድሬሰር፣ ለሐኪሙ፣ ከሁሉ በላይ ለዘነበች ጆሮ ዕድሜ ይስጥልኝ።

እንደኔ የታመማችሁ፣ ጎንበስ ስትሉ ብቻ የሚመለስ ትንፋሽን አትመኑት። ተመረቁ፤ ግን የተመረቃችሁ ዕለት መንገድ ጀምሩ። በዓል ይደገማል።

በተከታዩ መስቀል አጎቴ ፊት ተንበረከክሁ። እጃቸውን አልጫኑብኝም። አቃኑኝና አጎንብሰው ጆሯቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። ቀና ብለው ዘነበችን አዩዋት።

«ልቡ አገሩ ገብቷል» አሉ።