በማሽኑ በር ላይ የተጻፈው «ለጊዜው»

«ነፋስ ሆይ ቀስ በል፣ ስንዴው ለጋ ነው፤
እኔን የተወኝ ሰው…»

ኔልዳ ሃርግሮቭ ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቀውም። አባቷ የስንዴ ማጨጃ እየነዳ የሚያንጎራጉረው ዘፈን ነበር፤ እሱ ሲሞት የቀረው ስንኝ አብሮት ተቀበረ። እሷ ግን ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቷትም መሰላል በወጣች ቁጥር ታነሳዋለች። «እኔን የተወኝ ሰው» ላይ ስትደርስ ትቆምና እንደገና ከነፋሱ ትጀምራለች።

ሥራዋም ነፋስ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በኦክላሆማ ጠፍጣፋ ጣሪያዎች ላይ የተቀመጡትን የአየር ማቀዝቀዣ ማሽኖች ስትጠግን ኖራለች። መጀመሪያ የመለዋወጫ ዕቃ መሸጫው ወንዶች «እመቤቴ፣ የመጋረጃ ሱቁ ማዶ ነው» ይሏት ነበር። በኋላ ማሽን ሲያስቸግራቸው ስልክ እየደወሉ፣ ድምፁን በስልክ እያሰሙ፣ «ምን ሆኖ ነው?» ማለት ጀመሩ። ባል አግብታ ፈታች፤ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋ ዳረች። ባለፈው መከር ቀኝ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና አደረጉላት።

በነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከቴሬል ክሪክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጠራች። መሰላሉን የያዘላት የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኛው ክሊተስ ፖግ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይተዋወቃሉ።

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አላት።

«ሁለት ናቸው። አንዱ ይሻላል።»

«የትኛው?»

«ዛሬ ገና አልተስማሙም።»

ክሊተስ ወትሮ በዚህ ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኑን ከመሰላሉ እግር አላነሳም።

«ምን ሆነሃል? ፊትህን የትናንት ገንፎ አስመሰልከው።»

«ሰባት ሰዓት ላይ ቢሮ ተጠርቻለሁ። የክፍል አሥራ ሁለትን የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱን፣ እየከፈትክ የምታበላሸው አንተ ነህ ብለውኛል። ቁልፉ ያለው እኔ ዘንድ ነዋ። ትናንት አንዲት የአምስት ዓመት ሕፃን በሙቀት ራሷን ሳተች።»

«ነካክተሃል?»

«ኔልዳ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነካሁት መጥረጊያ ነው።»

«ያባርሩሃል?»

«ወረቀቱ ተጽፏል አሉ። የቀረው ፊርማ ነው።»

ኔልዳ መሰላሉን ወጣች። የጣሪያው ሙቀት ከጫማዋ ሶል አልፎ እግሯን ይልሳት ጀመር።

ማሽኑን ታውቀዋለች። ቀዝቃዛውን አየር ሁልጊዜ በአንድ ልክ፣ በፋራናይት ሃምሳ አምስት ዲግሪ ገደማ አድርጎ፣ ወደ ዋናው ቱቦ ይልካል። የሚለዋወጠው ብዛቱ ነው። ከየክፍሉ ኮርኒስ በላይ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ፤ በሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ቅጠል የመሰለ መዝጊያ። ክፍሉ ሲሞቅ ቅጠሉ ይከፈታል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠባል። ብዙዎቹ ቅጠሎች ሲጠቡ አየሩ መውጫ አጥቶ ቱቦው ውስጥ ይጨናነቃል፤ ያኔ የግፊት መለኪያው ማራገቢያውን «ቀስ በል» ይለዋል። ሲከፈቱ ግፊቱ ይወርዳል፤ «በርታ» ይለዋል። ይህን ወሬ የምታመጣለት አንዲት ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ናት። እሷም መሰካት ያለባት ራቅ ብሎ፣ የዋናው ቱቦ ሁለት ሦስተኛ ላይ ነው፤ ዳር ያሉት ክፍሎች ምን እንደሚደርሳቸው ታውቅ ዘንድ።

ኔልዳ ወደ ጣሪያው ከመውጣቷ በፊት ክፍሎቹን ዞራ አይታ ነበር። የፊተኞቹ ክፍሎች መምህራን ሹራብ ደርበዋል። መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል አሥራ ሁለት ሰማንያ ስድስት ዲግሪ ደርሷል። ቅጠሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ ከኮርኒሱ የአየር መስኮት የሚወርደው አየር የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያህል ነበር። ማራገቢያው ግን ጣሪያ ላይ እንደጠገበ ድመት እያንኮራፋ ቀስ ብሎ ይዞራል።

የማሽኑን በር ከፈተች።

በጣሪያ ላይ የሚሠሩ ሰዎች እምብዛም አይገናኙም፤ የሚነጋገሩት በበር ነው። የሠራ ሁሉ ቀኑን፣ የሠራውንና ስሙን በወፍራም ማርከር ከበሩ ጀርባ ይጽፋል። አንዱ «ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ ቀይሬያለሁ። ዛሬ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ» ብሎ ጽፎ ነበር። ከእሱ በታች ኔልዳ የራሷን እጅ ጽሑፍ አየች።

«ኖቬምበር 14። የሩቁ ላስቲክ ተሰንጥቋል። ለጊዜው እዚሁ ማራገቢያው አጠገብ ሰክቼዋለሁ። ኔ. ሃ.»

ቁጭ አለች። ያን በጻፈች ጊዜ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አምስተኛው ሳምንት ነበር። እስከ ሩቁ መሰኪያ ለመድረስ ኮርኒስ ውስጥ አርባ ሜትር በጉልበት መዳህ ያስፈልግ ነበርና፣ «በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ» አለች። ክረምቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማንም አልጮኸም። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ለበጋው ዕረፍት ተዘጋ። እሷም ረሳችው። ማራገቢያው አጠገብ ግፊት መቼም አይጠፋም፤ ድስቱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሁሉም የጠገበ ይመስለዋል። ዳር ያሉት ሕፃናት ጦማቸውን አደሩ።

በቦርሳዋ ውስጥ ቀለም የሚያለቅቅ ፈሳሽ ነበራት። ወጣቱ አለቃዋ በፀደይ «ኔልዳ፣ አንድ ስህተት ብቻ፤ ከዚያ ቢሮ ውስጥ ስልክ ማንሻው ጋ ትቀመጪልኛለሽ» ብሏታል። የፈሳሹን ክዳን ከፈተች። ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ከጣሪያው ጫፍ ባሻገር የስንዴው ቃርሚያ እስከ ሰማይ ዳር ተዘርግቷል፤ ነፋሱም ለማንም ሳይቆም ያልፋል። ክዳኑን መልሳ አጠበቀችና አዲስ ላስቲክ ይዛ ወረደች።

ኮርኒስ ውስጥ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። በአንድ ጎኗ እየተሳበች፣ አቧራ እየላሰች፣ ባትሪውን በጥርሷ ይዛ ደረሰች። ላስቲኩን ቦታው ላይ ስትሰካው ከሩቅ፣ ከጣሪያው፣ ማራገቢያው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰማች። ከዚያ ተመልሳ ጣሪያ ወጣች፤ የበሩን ብሎኖች ፈትታ በሩን በገመድ ወደ ታች ለቀቀችው። ክሊተስ ተቀበለው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አንብበው።»

በሩን ከፊቱ አርቆ ያዘው። «ኔ. ሃ. ማን ነው?»

«አትቀልድ።»

«መነጽሬን ረስቼ ነው እንጂ አልቀለድኩም» አለና አነበበ። ደግሞ አነበበ። «ማጥፋት ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር።»

«እና?»

«የምጠርግበት ጨርቅ ቆሻሻ ነበር።»

ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን የማሽኑን በር ይዘው ቢሮ ገቡ። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ስታንፊል ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀቱን ዘርግታ፣ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቅ ነበር። ኔልዳ በሩን ወረቀቱ ላይ አጋደመችው።

«የክሊተስ ቁልፍ ምንም አላደረገም፣ ወይዘሮ ስታንፊል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጽሑፉም የእኔ ነው። አሁን ተስተካክሏል፤ ካላመኑኝ ሄደው ይዩት።»

ርዕሰ መምህሯ አነበበች። ተነሥታ ክፍል አሥራ ሁለት ሄደች። ከአየር መስኮቱ በታች ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ሕፃናቱ ጥያቄ የተጠየቀ መስሏቸው ሁሉም እጃቸውን አወጡ። ወረቀቶቻቸው ግድግዳው ላይ ይርገበገቡ ነበር።

ስትመለስ ከበሩ ሥር ወረቀቱን ስባ አወጣችና ለሁለት ቀደደችው። «ክሊተስ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«እሺ፣ እመቤቴ።»

«ወይዘሮ ሃርግሮቭ፣ እኔ ግን ለድርጅትዎ መደወል አለብኝ። አንዲት ሕፃን ተጎድታለች።»

«ይደውሉ። የልጅቷን እናት ስልክ ቢሰጡኝ ደግሞ እኔም እደውላለሁ።»

የምግብ አዳራሹ ባዶ ነበር። ክሊተስ ወጥ ቤቷን ለምኖ የቀረውን የአሳማ ሥጋ ያለበት ባቄላና የበቆሎ ዳቦ በሁለት ትሪ አመጣ።

«የአንደኛ ክፍል ወንበር ብቻ ነው ያለው» አላት።

«አሁን ምርጫ የለኝም።»

«ስልክ ማንሻው ጋ ካስቀመጡሽ ደውዬ እሰድብሻለሁ።»

«ቁጥር ሳትሳሳት ከደወልክ።»

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። አለቃዋ ነው። አንስታ «መልሼ እደውላለሁ፤ ሁሉንም እነግርሃለሁ። አሁን ምሳ ላይ ነኝ» አለችና ዘጋችው። ከዚያ ትንሿን ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ ዳቦውን ቆርሳ ባቄላው ውስጥ ነከረችው።