ለካምፑ ያልተባለው አሚን

የዚያን ሰሞን ፍርሃቴ አንድ ብቻ ነበር፤ እኔ ሥራ ሳላገኝ የእናቴ ኮንትራት ያልቅና እንደገና ታድሰዋለች የሚል። እናቴ ዐረብ አገር የሰው ቤት ትሠራለች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኔንም አያቴንም ይዛ ያለችው እሷ ናት። «አንቺ ደመወዝ መብላት የጀመርሽ ለት ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ» ብላኛለች። እኔ ደግሞ በአካባቢ ሳይንስ ተመርቄ፣ መካነ ሰላም ከተማ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ላረጅ ነው።

ታዲያ ሥራ አጥ ስለሆንን አናማርጥም መሰላችሁ? እናማርጣለን እንጂ! ከዩኒቨርሲቲ የተመለስን ልጆች ጁስ ቤቱ በረንዳ ላይ ተሰብስበን ቀጣሪ ስናማ እንውላለን። ይኼኛው ድርጅት ሠራተኛውን ያለ ጓንት ኬሚካል ያስነካል፤ ያኛው ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ ይደፋል፤ እዚያ ገብቼማ ስሜን አላጠፋም። አያቴ ይህን ሲሰሙ «ሳይጠሯችሁ እምቢ ትላላችሁ!» እያሉ ይስቁብናል።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከሰፈራችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ አንድ ድርጅት ካምፕ ተከለ። ድንጋይ እየፈጨ ለመንገድ ሥራ የሚያቀርብ ነው። ገና እንደመጣ ትምህርት ቤቱን ቀለም ቀባ፣ ለልጆች ደብተር አደለ፣ ችግኝ አፈላ። «ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን እንወጣለን» የሚል ጽሑፍ መኪናው ላይ ሳይቀር ለጥፏል። በረንዳው ሁሉ በአንድ አፍ «ቀጣሪ ማለት ይኼ ነው!» አለ። እኔም አልኩ። ተወዳድሬ አለፍኩ፤ የአካባቢና የማኅበረሰብ ጉዳይ ሠራተኛ ልሆን ነው። የቀረኝ ፊርማ ብቻ ነበር። እናቴ ስትሰማ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው።

ምን ያደርጋል፣ የምንጩ ነገር መጣ። ከካምፑ በታች ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳበት ምንጭ አለ። ደማሚት ማፈንዳት ከጀመሩ ወዲህ ውሃው ኖራ የታጠበበት መስሎ ይወርዳል። ጀሪካኑን አሳድረን ስንገለብጠው ሥሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ እናገኛለን። ሥራ አስኪያጁን ጠየቅሁት፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ወጣት ነው።

«ዝናቡ ነው፣ ይጠራል» አለኝ።

«ተመርምሯል?»

«ይመረመራል። እንዲያውም አንቺ ስትገቢ የመጀመሪያ ሥራሽ እሱ ይሆናል» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ላምነው ፈለግሁ፤ አላህ ያውቃል እንዴት እንደፈለግሁ። ግን ጀሪካኑን በገለበጥኩ ቁጥር ዝቃጩ እዚያው ነው። ልጆቹ ያንን እየጠጡ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት።

ከመፈረሜ በፊት ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር እንዳስተባብር አዘዘኝ። ችግኝ ተከላ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለድርጅቱ ዱዓ ያድርጉ፣ ካሜራም ይመጣል። እኛ ዘንድ ዱዓ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። አሚን ከተባለ ነገሩ ከሁሉም አፍ ወጣ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቅር ብሎኛል የሚባል ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ይወቅ አይወቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ግን አውቃለሁ። ዱዓውን የሚያደርጉት ደግሞ የገዛ አያቴ ናቸው።

ቀኑ ደረሰና ተሰበሰብን። አያቴ እጃቸውን ሊዘረጉ አሉና ተዉት፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከነሱ ጋር ልትገቢ ነው አሉ። የተማርሽውም ይኼንኑ ነው። በይ ውሃው ይጠራል በይኝና እጄን ልዘርጋ።»

ያ ረቢ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካሜራው ወደ እኔ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ በዐይኑ «በይ እንጂ» ይለኛል። አዎ ብል እናቴ አገሯ ገባች። 

«አላውቅም አባባ» አልኩ። «አልተመረመረም። ዝናብ ነው ይሉኛል፤ እኔን ግን አይመስለኝም።»

አያቴ እጃቸውን ዘረጉና ለአዝመራው፣ ለከብቱ፣ ለልጆቹ፣ በስደት ላለው ሁሉ ዱዓ አደረጉ። አሚን፣ አሚን ተባለ። ድርጅቱን አላነሱትም። ችግኙን ግን ተከልነው፤ ችግኝ ምን በደለ! ሥራ አስኪያጁ ሲሰናበተኝ «እንደዋወላለን» አለኝ። አባባሉ ገብቶኛል።

ማታ እናቴ ደወለች። «ፈረምሽ?» አለችኝ ገና ሰላም ሳትለኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። 

«አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» አለች። «ማዳም ኮንትራቱን አድሺ እያለች ስትነዘንዘኝ ከርማለች። ነገ እሺ እላታለሁ።»

«እማዬ ተይ! ወላሂ ነገ ሄጄ እለምናቸዋለሁ። ሌላ ሰው ሳይወስዱ እፈርማለሁ» አልኳት እያለቀስኩ።

«እንዳትሞክሪው!» ብላ ጮኸችብኝ፤ ጮሃብኝ አታውቅም። «እኔ የማላውቀው ቤት ነው ዐይኔን ጨፍኜ የገባሁት። እመቤቲቱ ደግ ትሁን ክፉ ማን ነገረኝ? አንቺ ዐይንሽ እያየ ልትገቢ? ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?»

ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ እንደሚከዳት አውቃለሁ፤ ለአያቴ እንዳልነግር አስምላኛለች። እናቴ ኮንትራቱን አደሰች። እኔ በእውነቴ መኩራት ሲገባኝ፣ ውስጤ እርር ድብን ይላል።

በቀደም ሌላ ድርጅት ማስታወቂያ ለጠፈ። እንደ ልማዴ በረንዳው ላይ ወሬውን ላጣራ ተነስቼ መንገድ ላይ እግሬ ተያዘ። ክፉ ነገር ብሰማስ? ማንንም ሳልጠይቅ ማመልከቻዬን አስገብቼ ተመለስኩ።