ሽሻይና ሰባቱ ሳጥኖች

ሽሻይ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ውስጥ የእኛ ጎረቤት ነው። ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናል። ወገቡን ያመዋል፤ ጣሪያ ለጣሪያ መውጣቱን ግን አልተወም። ሰፈራችን ውስጥ የዋይፋይ ሳጥኖቹን የሰቀለው እሱ ነው። ሰባት ቤት፣ ሰባት ሳጥን። ኢንተርኔቱ የሚገባው በመጀመሪያው ቤት ብቻ ነው፤ ከዚያ አንዱ ሳጥን ለሚቀጥለው ያቀብላል። አንዱ ከጠፋ ከእሱ ወዲያ ያለው ሁሉ ይቋረጣል።

የመጨረሻው ቤት የኣስካል ነው። ኣስካል መራመድ አትችልም፤ የምትተዳደረው ልጆችን በስልክ ሒሳብ በማስተማር ነው። ትምህርቱ በየመሀሉ ሲቋረጥባቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ማስወጣት ጀምረው ነበር።

መሀል ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ የሚኖሩት አሮጊቷ ኣደይ ዘቢብ ከልጃቸው ጋር በስልክ አውርተው ሲጨርሱ ሳጥኑን ይነቅሉታል። "ለጨረስኩት ነገር ምን ብዬ አበራለሁ?" ይላሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም እነቅል ነበር፤ የሳጥኑ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሕፃኗ ልጄ አትተኛልኝም።

ሽሻይ መለመን ሲሰለቸው አንድ መላ ዘየደ። ለጎረቤቱ የማያሳልፍ ሳጥን ተመልሶ ሲበራ የራሱም ኢንተርኔት እንዲንቀረፈፍ አደረገ። መላው ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን የኣደይ ዘቢብ ቆጣሪ ተበላሸና ቤታቸው ጨለመ። መብራቱ ሲመለስ ሳጥኑ ቀጣቸው። መብራት መጥፋቱንና መንቀላቸውን አይለይማ!

"አንተ ወደይ፣ አንተ ልጄ፣ በጨለማ መቀመጤ ሳያንስ ቅጣት ጨመርክብኝ?" ብለው ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልለው መለሱለት። የኣስካል ትምህርት ጭራሽ ቆመ።

ሽሻይ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለ። "ደከመኝ። ከሳጥኑ ይልቅ ሰዉ ከበደኝ።"

"ቅጣቱን አንሳው" አልኩት። "የማርያም ማሕበር ጽዋ ከቤት ቤት ይዞር የለ? ጥበቃውም ይዙር። የሳምንቱ ባለተራ በየቤቱ እየዞረ ሳጥኑ መብራቱን ይይ። መጀመሪያ ኣደይ ዘቢብ ይሁኑ።"

"የሚነቅሉት ሴትዮ?"

"አዎ፣ እሳቸው።"

ሽሻይ ቅጣቱን አንስቶ ሳጥኑን መለሰላቸው። ከሰኞ ጀምሮ ኣደይ ዘቢብ ሳጥናቸውን ሰክተው በየበሩ ማንኳኳት ያዙ። "ኣስካል እያስተማረች ነው፣ የሳጥንሽ መብራት የታለ?" እኔም ሳጥኔን ወደ ማድ ቤት ወሰድኩት።

ረቡዕ ትምህርቱ ድንገት ተቋረጠ። ኣደይ ዘቢብ ቤቱን ሁሉ አዳረሱ፤ የሁሉም ይበራል። የቀረው የሽሻይ ነበር። ሽሻይ መበየጃውን ሊሰካ ብሎ የራሱን ሳጥን ነቅሎ ረስቶታል።

"ኣንታ መሃንዲስ!" አሉት። "እኔ ብሆን ስንት ቀን ትቀጣኝ ነበር?"

ሽሻይ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለና ሳጥኑን ሰካው። ኣስካል የምታስተምራት የራሱ ልጅ ፊዮሪ ስልኩን እያየች ጠበቀች።

"መጣች!" አለች።

"እሺ ልጆች" አለች ኣስካል በደከመ ድምፅ፣ "የት ጋ ነበር የቆምነው?"