ጥሬውን ማንም እንዳይነካው

ባለፈው ጥር በእህቴ በሕይወት ሰርግ ላይ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ብቻዬን ያስቀኛል። ክፍል ውስጥ ትዝ ብሎኝ ስስቅ አስተማሪ ይዞኛል። ለጓደኞቼ ሳወራላቸው ግማሹ ለእነሱ አይገባቸውም፣ ግማሹ ደግሞ ለእኔም በደንብ አልገባኝም። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው ቁጭ ያልኩት።

ቤታችን ጭሮ ነው። እህቴ ያገባችው ጅግጅጋ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ከሰርጉ በኋላ ይዟት ሊሄድ ነው። ለሰርጓ አጥብቃ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰፈራችን ሰው ማንም ሳይቀር በድሮን በአንድ ፎቶ እንዲነሳላት። «ስትናፍቁኝ እሱን አያለሁ» አለች።

ከሁሉም በላይ የፈለገችው ኦቦ ጀማልን ነው። ኦቦ ጀማል ጎረቤታችን ናቸው። ሕይወት ትንሽ ልጅ ሆና ስትታመምና መኪና ሲጠፋ በጀርባቸው አዝለው ሆስፒታል ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ዛሬም «ኢንተላ ኮ» ይሏታል፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። አሁን አርጅተዋል። ፎቶ ደግሞ የላቸውም፤ ስልክ ስናነሳባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ፎቶ አንሺው ቢኒያም ይባላል። ለድሮኑ ፈቃድ አውጥቶ መጣ። ቢኒ አንድ አመል አለው፤ የሙያውን ቃል ሁሉ በአማርኛ ካልተናገረ አይሆንለትም። ድሮኑ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሌሎቹ «ሮው» እና «ጄፔግ» የሚሏቸውን እሱ «ጥሬው» እና «የተጨመቀው» ይላቸዋል። ይህን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው።

ጠዋት ሰፈሩ ግቢያችን ተሰበሰበ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ድሮኑ እንደ ንብ እየጮኸ ተነሳና ራቅ ብሎ ከጎን ቆመ፣ እኛም አንጋጠን እጃችንን አውለበለብን። ከዚያ ቢኒ ድሮኑ ውስጥ ሌላ ሚሞሪ ካርድ ከትቶ ሙሽሮቹን ለማንሳት ወደ ሂርና መንገድ ወጣ። የጠዋቱን ካርድ ለአክስቴ ልጅ ለሱራፌል ተወለት፣ ፎቶዎቹን ገልብጦ ዳሱ ውስጥ በቴሌቪዥን እንዲያሳይ።

ሱሬ ላፕቶፑ ላይ ሲከፍት ግማሾቹ ያምራሉ፣ ግማሾቹ አንከፈትም አሉት። «እነዚህ ተበላሽተዋል» አለና የሚከፈቱትን ብቻ ወሰደ። ካርዱን ጓዳ የተቀመጠው የቢኒ ቦርሳ ውስጥ መለሰው። ጓዳው ማለት ሥጋው የተሰቀለበት ነው።

ትንሽ ቆይቶ ቢኒ ደወለልኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ከኋላዬ ሴቶቹ እልል ይላሉ። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፦ «ማሂ፣ ጥሬውን ማንም እንዳይነካው። ለሰው የተጨመቀውን ብቻ ስጡ። ጥሬውን እኔ ስመጣ እሠራዋለሁ።» ተቋረጠ።

እንግዲህ ሰርግ ቤት፣ ጓዳ በር ላይ ቆሜ፣ ቢላ ሲሳል እየሰማሁ ጥሬ ሲሉኝ ምን ልረዳ? ሰውዬው ጥሬ ሥጋ ይወዳል አልኩ። ግን ለእሱ ተብሎ ሌላው ሰው ለምን ይከለከላል? «እሠራዋለሁ» የሚለውስ፣ ራሱ ሊያበስለው ነው? ግራ ገባኝ። መልሼ ብደውል አይሠራም። እንደሰማሁት ለአክስቴ ለጌጤ ነገርኳት።

አክስቴ፣ ሰርግ ጠርቶ ጭማቂ አጠጥቶ መሸኘት የት አገር ነው ብላ ትንሽ ተቆጣች። ግን ሰውዬው ቅር ብሎት ፎቶውን እንዳያበላሽ ሰጋች። ለእንግዳው የሚሆነውን ሥጋ ለጥብስ አስወጣች። ታላቅ ከሚባለው ሥጋ ምርጡን ቆርጣ ለቢኒ በሳህን ከደነች፣ ጓዳውን ቆለፈች፣ ቁልፉን ማተቧ ላይ አሰረችው። እኔና ጓደኞቼ ደግሞ ለሙሽሮቹ ጠረጴዛ የተገዛውን ብርቱካን በሙሉ ጨምቀን ለእንግዳው አዞርን።

በዚህ መሃል ሱሬም በራሱ ካሜራ ሲያነሳ ካርዱ ሞላበት። ደህናዎቹን ገልብጫለሁ ብሎ የቢኒን ካርድ አጥፍቶ ሊጠቀምበት መጣ። አክስቴ በሩ ላይ በርጩማዋን አስቀምጣ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሥጋ አልፈለግኩም፣ ካርድ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ብሎ ነው የሚገባው» አለችው።

ለመናት፣ ተቆጣት፣ ሳቀባት። አልተነሳችም።

ሙሽሮቹ ተመልሰው ዳሱ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ የጠዋቱ ፎቶ በቴሌቪዥን ታየ። ሰው ሁሉ ራሱን እየፈለገ ይንጫጫል። ሕይወት ቬሏን ሰብስባ ከወንበሯ ተነሳችና ቴሌቪዥኑ ሥር ሄዳ ቆመች። «ኦቦ ጀማል የታሉ?» አለች።

ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጠዋት የተቀመጡት ግቢያችን ካለው የዋንዛ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ፎቶው ላይ የእኛ ነጭ ልብስ ቦግ ብሏል፣ ዋንዛው ሥር ግን ጥቁር ብቻ ነው። ሰው ያለበትም አይመስል። እሳቸው ጥግ ላይ ብርቱካናቸውን እየጠጡ «ግድ የለም፣ ኢንተላ ኮ፣ እኔ ድሮም ፎቶ አልወድም» አሏት። ይሄኔ ባሰባት፣ አለቀሰች።

ቢኒ ሮጦ መጣ። «አታልቅሺ፣ ጥሬው አለ፣ ከጥሬው አወጣቸዋለሁ» አላት።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ደስ ብሏት ቁልፉን ከማተቧ ፈታች። ሳህኑን አምጥታ ፊቱ ከፈተችለት። «ይኸው ልጄ፣ አንድም ሰው አልነካብህም።»

ቢኒ ሥጋውን አየ፣ እኔን አየ። «እትዬ ጌጤ፣ እኔ እኮ ጥሬ ሥጋ አልበላም» አለ በቀስታ።

ማንም ምንም አልገባውም። ከሁሉም ያልገባኝ እኔ ነበርኩ። ቢኒ ካርዱ የት እንዳለ ሲጠይቅ፣ ሱሬ ሊያጠፋው ሄዶ እናቱ አላስገባ እንዳለችው ነገረው። ቢኒ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ካርዱንም ከጓዳ አስመጣ።

በራሱ ላፕቶፕ ጥሬውን ከፈተው። አመድ የተነፋበት ይመስላል፣ ቀለም የለውም። በር ተቆልፎ የተጠበቀው ይሄ ነው እንዴ አልኩ በልቤ። ቢኒ ከስክሪኑ ታች ያለች ምልክት ይዞ ቀስ እያለ ሳባት። ዋንዛው ሥር ያለው ጥቁር ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ነጭ ቆብ ታየ፣ ቀጥሎ ጺም፣ ቀጥሎ እጅ። ካሜራ የሚሸሹት ኦቦ ጀማል እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ እየሳቁ ያውለበልባሉ።

ሕይወት እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። «ያ ረቢ፣ ዛፉን ቆረጣችሁት እንዴ?» አሉ።

ቢኒ ሊያስረዳኝ ሞከረ። «ያን ሁሉ ብርቱካን ጨምቃችኋል፣ መልሳችሁ ብርቱካን ልታደርጉት ትችላላችሁ? ድሮኑም ፎቶውን ሲጨምቀው አይረባም ያለውን ይጥላል። ኦቦ ጀማልን ከልጣጩ ጋር ጣላቸው። ጥሬው ግን ያየውን ሁሉ ይዞ ነው የሚቀመጠው።» ሁሉን ከያዘ ታዲያ ለምን ያስጠላል አልኩት። «ገና ስላልበሰለ ነዋ» አለኝ። እንደገና ሥጋው ጋ ተመለስን።

ፎቶው አሁን ጅግጅጋ እህቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ያን ሁሉ ብርሃን ጥቁሩ ውስጥ ማን እንደደበቀው እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። ግን ያን ቀን ስላልገባኝ ደስ ይለኛል። ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ፣ ካርዱን እንዳትነካ ብዬ ለሱሬ እነግረው ነበር፣ እሱም እሺ እሺ ብሎኝ ያጠፋው ነበር። አክስቴም ለፎቶ ብላ ያን ሁሉ ሰዓት በር ላይ አትቀመጥም ነበር። ለሥጋ ግን ተቀመጠች።