ገጼን ቆልፎ ወንዛዬ የወረደው

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። አሁንም በሬ ጠምጄ አርሳለሁ፣ ወጤን ራሴ እሠራለሁ፣ ይችንም አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ የጻፍኳት ራሴ ነኝ። ሞቷል የተባልኩትም እኔው ነኝ።

ትናንት የሩዝ ዘር ልወስድ ወረታ፣ የገበሬ ማኅበራችን ቢሮ ሄድኩ። እያንዳንዱ አባል ከነባለቤቱ የሰፈረበት ገጽ ኢንተርኔት ላይ አለው፤ ዘር የሚሰጠውም እሱ ታይቶ ነው። ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሯን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«አያ ታከለ፣ አሁንም እርስዎን ሟች፣ እትዬ ጥሩነሽን በሕይወት ነው የሚለው።»

ባለቤቴ ጥሩነሽ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። መዝጋቢው ደሴ እሷ ላይ መጻፍ የነበረበትን እኔ ላይ ጻፈው። አስተካክላለሁ ካለኝም ሰንብቷል።

«እንግዲያ አንቺ አስተካክይው።»

«አልችልም። ደሴ ቼክ አውት አድርጎታል... ሊያርመው በስሙ አውጥቶታል። ቼክ ኢን ብሎ እስኪመልሰው ለሌላ ሰው የተቆለፈ ነው። እኛ የሚታየን የድሮው ነው።»

«እሱስ የት አለ?»

«ወገቡን አሞት ወንዛዬ ፍል ውሃ ገብቷል። ስልክ አያነሳም።»

ሞፈር ተውሶ የጠፋ ሰው አውቃለሁ። የሰው ነፍስ ተውሶ ፍል ውሃ የገባ ግን አላየሁም።

ዝናቡ ጀምሯል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳዬ ላይ ከተኛ በኋላ ዘር ምን ይሠራል? ጎረቤቴ «በእኔ ስም ውሰድ» አለኝ። በሰው ስም አልዘራም አልኩት።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ተሳፍሬ ወንዛዬ ወረድኩ። ደሴ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ነው። ሲያየኝ አማተበ።

«አዎ፣ ሟቹ ነኝ። ውጣ።»

ፎጣ አገልድሞ ስልኩን ከከረጢቱ አወጣ። እርማቱን ለካ ጨርሶት ኖሯል፤ መመለሱን ነው የረሳው። አንድ ጊዜ ነካ አደረገና «በቃ፣ ተመለሰ» አለኝ።

አየሁት። እኔ በሕይወት... ጥሩነሽ ሟች። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«የበፊቱስ ተፋቀ?»

«አይፋቅም አያ ታከለ። የታረመው ሲመለስ አዲስ ቁጥር ይይዛል፤ የበፊቱም በራሱ ቁጥር ይቀመጣል።»

«እስቲ አሳየኝ።»

አሳየኝ። እሷ አለች... እኔ የለሁም። ብዙ ቆየሁበት፤ ደሴም ስልኩን አልጠየቀኝም።

ለጎረቤቴ የደቦ ቀን አለብኝ። ለጥሩነሽ የሙት ዓመቷ ተዝካር አለብኝ። ሁለቱንም ራሴ ከከፈልኩ በኋላ፣ እናንተ የማኅበሩ ሰዎች፣ እሷ ወዳለችበት ወደ በፊቱ ቁጥር ብትመልሱኝ ቅር አይለኝም።