የክት የሆነብን ካፖርት

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በየካ ከእኔ የተሻለ ጥልፍ የሚያውቅ አለ ያለኝን ሰው እጣላው ነበር። የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ጨርሼ የወጣሁት በዚያው ዓመት ስለሆነ ቤታችን ውስጥ ያልጠለፍኩት ጨርቅ አልቀረም፤ አባቴ መሐረቡን አውጥቶ ለመናፈጥ ያፍር ነበር።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ የሚላቸው ጎረቤታችን በግንቦት መጨረሻ ሴቶቹን ሰበሰቡና ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱት ሴቶች ክረምቱ ሳይገባ ካፖርት እንስፋ አሉ። ሴቶቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ጠዋት በደጃችን አልፈው ወደ ጋራው ይወጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ዝናብ አበስብሷቸው ይመለሳሉ። ከእነሱ አንዷ ባለፈው ክረምት የሳምባ ምች ይዟት ከሞት ተርፋለች። ሐኪሙ ብርድ ደግሞ ካገኛት እንደማትተርፍ ነግሯታል፤ እንጨቱን ብትተው ደግሞ ሁለት ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ። እትዬን ያነሳሳቸው የእሷ ነገር ነው።

እጅግ ደስ የሚል ሰኔ ነበር። የእትዬ በረንዳ ላይ ሁለት የእጅና አንድ የእግር ስፌት መኪና ተደረደረ። ጨርቁ ከየቤቱ የተለቀመ አሮጌ የወታደር ብርድ ልብስ ነው። አንዷ ትለካለች፣ አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ መርፌ ሰብራ ትራገማለች፤ ሳቃችን መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔን ግን ያ አመድማ መልኩ አላስቻለኝም።

«ይሄማ የእስረኛ ልብስ ነው፤ ድሃ ጌጥ አይወድም ያለው ማነው?» አልኩና በአንገቱ ዙሪያና በደረቱ በኩል ቀይና ቢጫ ጥልፍ ማስገባት ጀመርኩ።

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሙቀቱ ይበቃቸዋል» ቢሉኝም ማን ይስማቸው። ጣቴ እስኪቆስል ሃያውንም ካፖርት ጠለፍኩ።

በሰኔ መጨረሻ አደልን። ታማ የነበረችው ሴት የራሷን ተቀብላ ጥልፉን በጣቷ እየዳበሰች «እጅሽ ይባረክ» ስትለኝ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። ካፖርቶቼን ለማየት ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ አንዷም አልለበሰችም። ያው የተቀዳደደ ነጠላቸው ነው ጀርባቸው ላይ የተለጠፈው። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የዚያችን ሴት ሳል እሷን ሳላያት ሰማሁት። ሸጠውታል ማለት ነው አልኩና በንዴት ጦፌ መንገድ ላይ አስቆምኳት።

«እህቴ፣ ካፖርቱ የታለ?»

«ሳጥን ውስጥ ነው።»

«በዚህ ዝናብ?»

ሕፃን እንደሚያዩት አየችኝ። «እንዲህ ያለውን ልብስ እንጨት ልሸከምበት? ለማርያም ነው የምለብሰው። በዕድሜዬ የክት ልብስ ኖሮኝ አያውቅም። የሌሎቹም እንደ እኔው ተቀምጧል።» ሸክሟን አስተካክላ እያሳላት ሄደች።

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ያን ሁሉ ብርድ ልብስ ሳጥን ውስጥ የከተተው የእኔ ቀይ ክር ነው። እትዬ ቤት ሮጬ ገባሁና እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

«ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» አሉና መቀሱን አቀበሉኝ። «በይ ፍቺው።»

በማግስቱ ሴትየዋ ካፖርቷን ይዛ እንድትመጣ ላክንባት። በረንዳው ላይ ዘርግቼ መቀሱን ጥልፉ ላይ ሳሳርፍ እጄን ያዘችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልፈታው ነዋ። የሥራ ልብስ እንዲሆን።»

ካፖርቱን ከፊቴ ወሰደችና ገለበጠችው። ብርድ ልብስ ስለሆነ ውስጡም ላዩም አንድ ነው፤ ክሩም ወፍራሙን ጨርቅ አላለፈም፤ ጥልፉ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ።

«በዚህ በኩል ጀርባው ላይ ጆንያ ስፊበት፤ እንጨቱ እሱን ይብላው» አለች። «ቁልፎቹን አንሺና ከውስጥም ከውጭም የሚታሰር ማሰሪያ አድርጊለት። በአዘቦት እንዲህ እለብሰዋለሁ፣ በማርያም እገለብጠዋለሁ።»

እትዬ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ትምህርት ቤት የተላክሽው ምን ልትማሪ ነበር?» ሲሉ በረንዳው በሳቅ ተናጋ። እኔም እየሳቅሁ ሴትየዋን አገላብጬ ሳምኳት።

ሃያዎቹም ካፖርቶች ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ እንጨታቸውን ደጅ ላይ አራግፈው ይገቡና ጆንያውን የት ላይ እንደምንሰፋ ያሳዩናል፤ ገመዱ የሚያርፍበትን፣ ጭራሮው የሚወጋበትን። ከመካከላችን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። እንደዚያ ሳምንት በችኮላ ሰፍቼ አላውቅም፤ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር የመኪናውን እጀታ እያፈጠንኩ ነበር የማዞረው።

ሐምሌ ተጋመሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ሲወርድ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ሴቶቹ ከጋራው ተሰልፈው መጡ፤ ሁሉም አመድማ፣ ሁሉም ጀርባቸው ጆንያ። መልክ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ እኔ ግን በደስታ መቆም አቃተኝ። ያቺ ሴት ከኋላ ነበረች። ጆሮዬን ጣልኩ፤ ሳል አልሰማሁም።

ሸክም ይዛ መቆም ስለማይሆንላት እየሄደች ነው ያየችኝ። አጠገቤ ስትደርስ በሁለት ጣቷ የካፖርቱን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ ቀዩንና ቢጫውን አሳየችኝና መልሳ ከድና አለፈች። ጥልፉ ደረቅ ነበር።