የክርስትናውን ልብስ ያጠቆርኩ ለት

በጃንሆይ ዘመን ኮልፌ ገበያው አጠገብ አንዲት ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጬ አማተብኩ፣ አባታችን ሆይን ደገምኩ፣ ከዚያ መርገጫውን ወደ ኋላ ረግጬ ክሩን በጠስኩት።

ባለቤቱ ጋሽ ሽኩር መቀስ ይዘው ያረጁ የስልጤ ሰው ነበሩ።

"እኅቴ፣ ጸሎቱ ደህና ነው" አሉኝ። "ግን መጀመሪያ መዘውሩን በእጅሽ ወደ ራስሽ አዙሪው።"

አገሬ ቢቸና ሳለሁ በእጅ እንጂ በመኪና ሰፍቼ እንደማላውቅ ደብቄያቸው ነበር። አሁን መናገር አላስፈለገኝም።

ከቢቸና የወጣሁት የሁለት ዓመት ልጄን ኩፍኝ ከወሰደብኝ በኋላ ነው። አባቷ ቀድሟት ስለሞተ እዚያ የሚያስቀረኝ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ሽኩር በመኪናው እንደማልሆን ሲያዩ ወደ ጓሮ፣ ወደ ማቅለሚያው በርሜል አዛወሩኝ። ሐዘንተኞች ነጭ ቀሚስና ነጠላቸውን ያመጣሉ፤ እኛ ከል እናደርግላቸዋለን። ውሃው ይፈላል፣ ጥቁሩ ቀለም ከጨው ጋር ይበጠበጣል፣ ልብሱ በዱላ እየተገላበጠ ይነከራል። ዋናው ሥራ ማለቅለቁ ነው፤ ውሃው ጥርት እስኪል ያልተለቀለቀ ልብስ ቀለም ይለቃል።

ይህን ለደንበኛ ሁሉ በጥንቃቄ አደርግ ነበር። የራሴን ከል ግን ጥቁረቱ እንዳይቀንስ ብዬ ሳላለቀልቅ አሰጣዋለሁ።

ከል ዓመት ነው የሚለበሰው። እኔ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። መደብዘዝ ሲጀምር በርሜሉ ውስጥ በተረፈው ቀለም መልሼ እነክረዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሴቶቹ "ሐዘንማ እንደሷ ነው" ሲሉ ያልሰማሁ መስዬ፣ ይበልጥ ዝቅ ብዬ እሰግዳለሁ። የነፍስ አባቴ አባ ገብረ ሥላሴ ብቻ አልተደነቁም።

"ልጅሽ የት ናት?" አሉኝ አንድ ቀን።

"ገነት ናት፣ አባቴ።"

"ታዲያ በርሜሉ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ያን ሰሞን ሌላ የነፍስ አባት ልፈልግ አስቤ ነበር።

በዚያው ክረምት የቀራንዮዋ ወይዘሮ ዘነበች የክርስትና ልብስ አዘዙ። ሁለት ልጆች ቀብረው ሦስተኛዋን የወለዱ ሴት ናቸው። ልጅቱ ክርስትና የምትነሳው በማግስቱ ጠዋት መድኃኔዓለም ነው። ጋሽ ሽኩር ነጩን ፖፕሊን ሰፍተው ጨረሱና ቁልፉን ተክዬ እንዳደርስ ሰጡኝ።

መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ጥንቁቅ ሴት ነኝና ልብሱ እንዳይረጥብ ከነጠላዬ ሥር ደረቴ ላይ ለጥፌ ሮጥኩ። በራቸው ላይ ደርሼ ሳወጣው ከአንገቱ እስከ ጫፉ ጥቁር ወርዶበታል።

ወይዘሮ ዘነበች ቢቆጡኝ በተሻለ ነበር። ሕፃኗን ወደ ጡታቸው ጠጋ አድርገው፣ "ይቺንም ሊወስዳት ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"በረኪና ያስለቅቀዋል" አልኩ። በረኪናው ጥቁሩን ቢጫ አደረገው።

እየሮጥኩ ወደ ጋሽ ሽኩር ተመለስኩ።

"ነጭ ጨርቅ አልቋል፣ መርካቶም ዘግቷል" አሉ። "አንቺ ቤት ምንም ነጭ የለም?"

ነበር። ሳጥኔ ውስጥ የልጄ የክርስትና ልብስ ነበር። እሱን ላለማሰብ አንሶላዬን አሰብኩ፣ የትራሴን ልብስ አሰብኩ፤ የጋሽ ሽኩር ነጭ ኮፍያ ሳይቀር ለሕፃን ትበቃ እንደሆን በዓይኔ ለካሁ። በመጨረሻ ቤቴ ገብቼ ልብሱን አወጣሁት። በዚህኛው ጊዜ በሸራ ጠቀለልኩት።

የሞተች ልጅ ልብስ ለዚያች እናት እንዴት ይሰጣል? በመንገዴ ሁሉ ስለ ገነትና ስለ ትንሣኤ ረጅም ስብከት አዘጋጀሁ። በሩ ሲከፈት ከአፌ የወጣው "ይሄ የልጄ ነው። ልጄ ሞታለች" የሚል ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ዘነበች ልብሱን አገላብጠው አዩት።

"ስትሞት ለብሳው ነበር?"

"አይ። ክርስትና ስትነሳ ብቻ ነው።"

"እንግዲያ የሞት ልብስ አይደለም። የእግዚአብሔር ልጅ የሆነችበት ነው።" ልብሱን እያጠፉ፣ "ስሟ ማን ነበር?" አሉኝ።

ኮልፌ ከገባሁ ጀምሮ ስሟን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ከሌን ነበር፤ እኔም እንዲያዩልኝ ነበር የምለፋው።

"ብርቄ" አልኩ።

"የብርቄን ልብስ ልጄ ትለብሳለች። ነገ መጥተሽ አንቺው ታለብሻታለሽ። ይሄን ከል ግን አውልቂው፤ ሁለተኛውንም ታጠቁሪብኛለሽ።"

በማግስቱ የጋሽ ሽኩርን ሚስት ነጭ ቀሚስ ተውሼ ሄድኩ። አጭር ስለነበሩ ቀሚሱ ቅልጥሜ ላይ ቀረ። ልጅቱ ከውሃው እየጮኸች ስትወጣ ክርስትና እናቷ አቀበለችኝ። ክንዴ እስከ ክርኔ ድረስ ጥቁር ነበር፤ እንዳይነካካት ፈርቼ በጣቶቼ ጫፍ አለበስኳት። ልብሱ ልክ ሆናት። አለቀስኩ፤ ግን የዚያን ቀን ልቅሶዬ ለሞተችው ብቻ አልነበረም።

አባ ገብረ ሥላሴ ማተቧን እያሰሩ ወደ እጄ አዩ።

"ቀሚስሽ ከሐዘን ወጥቷል፣ እጅሽ ግን ገና ሐዘን ላይ ነው።"

"ይለቃል፣ አባቴ" አልኳቸው።

ከዚያ በኋላም ዓይኔ እስኪደክም ድረስ በማቅለሚያው ሠራሁ። የሟቹን ስም ሳልጠይቅ የማንንም ልብስ አልነከርኩም። ከል አንዴ ይነከራል፣ በደንብ ይለቀለቃል፣ ዓመቱ ሲሞላ ይወልቃል። ደጋግሞ መንከር ጨርቁን ይበላዋል እንጂ ለሞተው ሰው የሚጨምርለት ነገር የለም።